አደን በሸሪዓ ሚዛን፦ ከወይብ ወንዝ ዳር የመጣ ጥያቄ

(በሬዲዮ ከቀረበ ትምህርት ለንባብ እንዲመች ሆኖ የተዘጋጀ)

  

ከባሌ፣ ከዲንሾ አካባቢ አንድ ወጣት ወንድማችን ጥያቄ ልኮልናል። ሥራው እንግዶችን እየመራ ወደ ተራራው ማውጣት ነው። ከእንግዶቹ አንዳንዶቹ ቀጭን ዘንግ ይዘው ከወይብና ከደንካ ወንዞች ትራውት የሚባለውን ዓሣ ያጠምዳሉ። አንዱ የያዘውን መልሶ ውሃ ውስጥ ይለቀዋል፤ ሌላው ለመሪው ይሰጠዋል። ወንድማችን የተሰጠውን ዓሣ ወደ ቤት ሲያመጣ አባቱ «ማን እንደያዘው የማናውቀው፣ ያልታረደ ነገር ነው» ብለው ከገበታው ይነሳሉ። በዚህ ላይ አንድ እንግዳ የአዳኝ ውሻ ቡችላ ሊሰጠው ቃል ገብቶለታል። ቆቅና ጅግራ እንዲያድንለት ሊያሠለጥነው ያስባል። እናቱ ደግሞ «ውሻ ባለበት ቤት መላእክት አይገቡም፤ ወይ እሱ ወይ እኔ» ብለው ተቆጥተዋል።

«ኡስታዝ፣» ይላል በመጨረሻ፣ «ዓሣው ሐላል ነው? ውሻውስ? ከዚህ ሥራ የማገኘው ገንዘብስ? ቤተሰቤ በአንድ ገበታ ከቀረበ ወር አልፎታል።»

ውድ አድማጮች፣ ይህ ጥያቄ ለከተማ ሰው የቅንጦት ሊመስል ይችላል። ግን አንድ ቤተሰብ በአንድ ገበታ መቅረብ ካቆመ ጉዳዩ ቀላል አይደለም። ደግሞም የፊቅህ ሊቃውንቶቻችን በኪታቦቻቸው ለአደን ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጥተውታል። በዚህ ምዕራፍ ከሌሎቹ ጎልቶ የሚታይ አንድ ነገር አለ። ነጋዴ ሲሸጥ ገዥው ያየዋል፤ ኢማም ሲያሰግድ ማእሙሙ ያየዋል። አዳኝ ግን በተራራ ላይ ብቻውን ነው። የአላህን ስም ይጥራ አይጥራ፣ ወፏን በሕይወት ያግኛት ሞታ ያግኛት፣ ከአላህ በቀር የሚያውቅበት የለም። የዛሬው ትምህርታችን መነሻም መድረሻም ይህ ነው።

ስለ ዓሣው

በመጀመሪያ ነገሩን እንወቀው። ሳናውቀው ፍርድ መስጠት አይገባም።

ትራውት የባሌ ተወላጅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከኬንያ መጥቶ በተራራው ወንዞች ውስጥ የተለቀቀ ነው። ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ቡናማው፣ ሌላው በጎኑ ላይ ቀላ ያለ መስመር ያለበት ባለ ቀስተ ደመናው ነው። ይህ ዓሣ ቀዝቃዛና ንጹሕ ወራጅ ውሃ ይፈልጋል። ምክንያቱም ቀዝቃዛ ውሃ ከሞቀ ውሃ የበለጠ ኦክስጅን ይይዛል። ስለዚህ ከላይ ከደጋው ውርጭ በሚወርደው ወንዝ ይመቸዋል። ያው የወይብ ወንዝ ወደ ቆላው ወርዶ፣ ብዙዎቻችሁ በምታውቁት በሸይኽ ሶፍ ዑመር ስም በሚጠራው ዋሻ ውስጥ ሲያልፍ ግን ውሃው ሌላ ውሃ ነው፤ ትራውት አይኖርበትም።

ዓሣው ራሱን ወደ ወንዙ መምጫ አዙሮ፣ ከድንጋይ ጀርባ ወይም ከዳር ጥላ ሥር ቆሞ ይጠብቃል። ውሃው የሚያመጣለትን ነፍሳት ይለቅማል። ከእነዚህ በራሪ ነፍሳት ብዙዎቹ በልጅነታቸው ውሃ ውስጥ ከድንጋይ ሥር ይኖራሉ፤ ሲጎለምሱ ወደ ላይ ወጥተው ክንፋቸውን ዘርግተው ይበራሉ። ትራውት ከሁለቱም ይበላል።

አጥማጁ ይህን አውቆ መንጠቆ ላይ ላባ፣ ፀጉርና ክር እየጠመጠመ ዝንብ የሚመስል ነገር ይሠራል። አንዳንዱ ውሃ ላይ እንዲንሳፈፍ፣ አንዳንዱ ደግሞ ሰምጦ ገና ክንፍ ያላወጣውን ነፍሳት እንዲመስል ተደርጎ ይሠራል። ታዲያ ይህ ሰው ሠራሽ ዝንብ ክብደት የለውም። በተለመደው ማጥመጃ ክሩን ወደ ሩቅ የሚወስደው ጫፉ ላይ የታሰረ እርሳስ ነው። በዚህኛው ግን ወፍራሙ ገመድ ራሱ ክብደት አለው። አጥማጁ ዘንጉን ወደ ኋላና ወደ ፊት እያወዛወዘ ገመዱን በአየር ላይ እንደ አለንጋ ይዘረጋዋል፤ ዝንቧም ከቀጭኑ ክር ጫፍ ላይ ሆና በዝግታ ውሃው ላይ ታርፋለች። ከባድ እጅ ያለው ሰው ውሃውን ያንቦጫርቅና ዓሣውን ያባርራል። አካሄዱም ከዓሣው ኋላ፣ ከታች ወደ ላይ፣ ጥላውን ውሃው ላይ ሳይጥል መሆን አለበት።

ይህ ጥበብ አዲስ አይደለም። ከ1,800 ዓመት ገደማ በፊት የኖረው ሮማዊ ጸሐፊ ኤሊያን፣ የመቄዶንያ ሰዎች መንጠቆ ላይ ቀይ ሱፍና የአውራ ዶሮ ላባ አስረው ዓሣ ያጠምዱ እንደነበር ጽፏል።

ወደ ፍርዱ እንምጣ። አላህ (ሱ.ወ.) በአል-ማኢዳ ምዕራፍ 96ኛ አንቀጽ የባሕርን አደንና ምግቡን ፈቅዶልናል። ሊቃውንት «ባሕር» የሚለው ቃል ወንዝንም ሐይቅንም እንደሚጠቀልል ገልጸዋል። ኢብኑ ማጃህ በዘገቡት ሐዲስ ደግሞ ሁለት ሳይታረዱ የሚበሉ ነገሮች ተፈቅደውልናል፤ እነሱም ዓሣና አንበጣ ናቸው። በመሆኑም ዓሣ ማረድ አያስፈልገውም። የሚያጠምደው ሙስሊም ይሁን አይሁን ለውጥ አያመጣም ይላሉ አብዛኞቹ ሊቃውንት፤ መታረድ የማያስፈልገው ነገር የአራጁ ማንነት አይጠየቅበትምና። በሐነፊ መዝሀብ በራሱ ሞቶ ውሃ ላይ የተንሳፈፈ ዓሣ አይበላም፤ በሻፊዒዮች ዘንድ ግን ይበላል። በመንጠቆ የተያዘው በሁሉም ዘንድ ሐላል ነው።

ስለዚህ የወንድማችን አባት ጥንቃቄያቸው የሚመሰገን ቢሆንም፣ ዓሣው ንጹሕ ሪዝቅ ነው። ከገበታው የሚነሱበት ምክንያት የለም።

ይዞ ስለመልቀቅ

ከባዱ ጥያቄ ዓሣውን ይዞ መልቀቁ ነው። እንግዶቹ ይህን የሚያደርጉት ዓሣው እንዳያልቅ ብለው ነው፤ ሐሳቡ በራሱ ክፉ አይደለም። ትንሽ የሆነውን ዓሣ እንዲያድግ፣ እንቁላል የያዘችውን እንድትራባ መልቀቅ ማስተዋል ነው። ነገር ግን አንድ ሰው ሊበላም ሊሸጥም ሳይሆን፣ ከንፈሩን በብረት ወግቶ ሲታገል ለማየት ብቻ ከጠዋት እስከ ማታ ሃያ ዓሣ ቢይዝና ቢለቅስ?

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነፍስ ያለውን ነገር የዒላማ መለማመጃ ማድረግን ከልክለዋል፤ ይህም በሶሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል። ነሳኢ በዘገቡት ደግሞ ያለ ጥቅም በከንቱ የተገደለች ድንቢጥ በቂያማ ቀን ገዳይዋን እንደምትከስ ተናግረዋል። ዓሣው ባይሞትም ሥቃዩ አለ። እኔ እስከሚገባኝ ድረስ ለጨዋታ ብቻ የሚደረገው ከእነዚህ ክልከላዎች ብዙም አይርቅም፤ ለሙስሊም የሚገባው የሚያስፈልገውን ያህል ይዞ፣ ሲበቃው ዘንጉን ጠቅልሎ መመለስ ነው።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር እንጨምር። ብዙ አጥማጆች ሕያው ትል መንጠቆ ላይ ይሰካሉ፤ ይህን ሊቃውንት ያለ አስፈላጊነት ማሠቃየት ነው ብለው ጠልተውታል። በላባና በክር የተሠራችው ዝንብ ከዚህ ታድናለች። «ታዲያ ዓሣን በውሸት ዝንብ ማታለል አይሆንም?» የሚል ቢኖር፣ የተከለከለው ማጭበርበር የሰውን ሐቅ የሚበላው ነው። ወጥመድም መረብም ያው ዘዴ ነውና በአደን ተፈቅዷል።

የወንጭፏ ቆቅ

ወደ ወፎቹ ከመሄዳችን በፊት የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ።

ወሎ ውስጥ ደረሳ ሳለሁ ዕድሜዬ አሥራ አንድ ወይም አሥራ ሁለት ቢሆን ነው። ከቂርኣት ስንወጣ ወንጭፍ ይዘን ገደል ለገደል እንዞር ነበር። አንድ ቀን አንዲት ቆቅ በድንጋይ መታሁ። ስደርስ ሞታለች። ቢላዬን አውጥቼ፣ «ቢስሚላህ» ብዬ አንገቷን ቆረጥኩና ወደ ሸይኻችን ቤት ይዤ ሮጥኩ። ሸይኻችን ተቀብለው አንገቷን አገላብጠው አዩት። ደም አልነበረበትም። «ልጄ፣ በሕይወት ደርሰህባታል?» አሉኝ። «አዎ» አልኩ። ዝም ብለው ቆዩና፣ «እንግዲያው ላንተው ትሁንልህ፤ ወስደህ ብላት» አሉኝ።

መብላት አልቻልኩም። ያን ሌሊት እንቅልፍም አልወሰደኝም። በማግስቱ ሄጄ እውነቱን ስነግራቸው አልተቆጡኝም። አጠገባቸው አስቀምጠው የአደንን ምዕራፍ ከኪታቡ አስቀሩኝ። ያን ቀን የተማርኩትን ነው ዛሬ የምነግራችሁ።

ዐዲይ ኢብኑ ሐቲም (ረ.ዐ.) አዳኝ ሰው ነበሩ። ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ስለ አደን ብዙ ጠይቀዋል፤ ቡኻሪና ሙስሊምም መልሱን ዘግበውልናል። ላባ የሌለው ከባድ ቀስት በስለቱ ወግቶ ከገደለ ይበላል፤ በጎኑ መትቶ በክብደቱ ከገደለ ግን አይበላም፤ እሱ ተደብድቦ እንደሞተ እንስሳ ነው። ተደብድቦ የሞተውን ደግሞ አል-ማኢዳ 3ኛ አንቀጽ እርም አድርጎታል። የእኔ ቆቅ ይህች ነበረች። ድንጋይ ይሰብራል እንጂ አይወጋም። ከሞተች በኋላ አንገቷን መቁረጤ የሞተችውን አላስተካከለም፤ ውሸቴን ብቻ ጨመረበት።

ዛሬ ወፍ የሚታደነው በአብዛኛው በብትን ጥይት ጠመንጃ ነው። አንዱ ቀለህ ተተኩሶ ብዙ ትናንሽ ፍሬዎችን ይበትናል። በዚህ ላይ ሊቃውንት ተለያይተዋል። በሻፊዒ መዝሀብ በጥይት የሞተ እንስሳ አይበላም፤ በሕይወት ተደርሶበት ከታረደ ግን ይበላል። የየመኑ ሊቅ ኢማም ሸውካኒ (በ1834 እ.ኤ.አ. የሞቱት) እና ሌሎች በርካታ የኋለኛው ዘመን ዑለማዎች ግን ጥይት ቆዳ ቀድዶ የሚገባ ስለሆነ እንደ ቀስት ስለት ነው ብለው፣ ሲተኮስ የአላህ ስም ከተጠራ ፈቅደዋል። ጥንቃቄ የሚፈልግ ሰው ፈጥኖ ደርሶ በሕይወት ሳለች ይረዳት። ከልዩነት መውጣቱ ለልብ ያሳርፋል።

ሌላም አለ። ወፏ ተመትታ ውሃ ውስጥ ብትወድቅና ሞታ ብትገኝ አይበላም፤ ውሃው ይግደላት ምቱ አይታወቅምና። ይህም በዐዲይ ሐዲስ ውስጥ ያለ ነው። በወንዝ ዳር የሚያድን ሰው ይህን ይያዝ።

የሠለጠነው ውሻ

አዳኝ ውሻ ሁሉ አንድ አይደለም። በዐረቦች ዘንድ የታወቀው ሰሉቂ ቀጭንና ፈጣን ነው፤ በዓይኑ አይቶ ጥንቸልና ሚዳቋ አባርሮ ይይዛል። የወፍ ውሾች ሥራ ግን ሌላ ነው። ፖይንተርና ሴተር የሚባሉት ዝርያዎች በነፋስ የመጣውን ሽታ ይዘው ሣሩን ያስሳሉ፤ ወፎቹ የተደበቁበትን ሲያገኙ አይዘሉባቸውም። አፍንጫቸውን ወደ ወፎቹ አቅንተው፣ አንዳንዴ አንድ እግራቸውን አንሥተው እንደ ሐውልት ይቆማሉ። አዳኙ ቀርቦ ወፎቹ እስኪነሱ ይጠብቃሉ። ስፓኒየል ወፎቹን ከቁጥቋጦ ያስነሳል። ሪትሪቨር ደግሞ የወደቀችውን ወፍ ፈልጎ፣ ሳይጨመድድ በአፉ ይዞ ለጌታው እጅ ያስረክባል።

እስቲ አስቡት። በተፈጥሮው ሥጋ የሚበላ እንስሳ፣ ርቦት፣ ወፍ በአፉ ይዞ፣ ሳይውጣት ያመጣታል። ይህ ትምህርት ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በአል-ማኢዳ 4ኛ አንቀጽ ያስተማራችኋቸው አዳኝ እንስሳት የያዙላችሁን ብሉ ሲለን፣ ሰው ያስተማረውም አላህ ካስተማረው ዕውቀት እንደሆነ አብሮ ይነግረናል። ሊቃውንት ከዚህ የዕውቀትን ክብር አውጥተዋል። ያልተማረ ውሻ የገደለው እርም፣ የተማረ ውሻ የገደለው ሐላል ሆነ፤ ውሻ እንኳ በዕውቀት ከፍ ካለ ሰውማ እንዴት ይሆን?

መለኪያውም ተቀምጧል። በሻፊዒዮች ዘንድ ውሻው ሠለጠነ የሚባለው ሲልኩት የሚሄድ፣ ሲከለክሉት የሚቆም፣ ከያዘው የማይበላና ይህም ተደጋግሞ የታየበት ሲሆን ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለዐዲይ እንደነገሯቸው፣ ውሻህን የአላህን ስም ጠርተህ ከላክኸው የያዘልህን ትበላለህ። እሱ ከበላበት ግን አትበላም፤ ለራሱ ነው የያዘውና። ሌላ ውሻ ተቀላቅሎ ካገኘህም አትበላም፤ የአላህን ስም የጠራኸው በራስህ ውሻ ላይ እንጂ በሌላው ላይ አይደለምና። ኢማም ማሊክ መብላቱ አያበላሸውም ብለዋል፤ አብዛኞቹ ግን በዚህ ሐዲስ ላይ ቆመዋል። የአላህን ስም መጥራት በሻፊዒ ሱና ሲሆን በሌሎቹ መዝሀቦች መስፈርት ነው፤ ስለዚህ ምላስን ማስለመድ ነው የሚበጀው። ወፏ ከውሻው አፍ በሕይወት ከተወሰደች ደግሞ መታረድ አለባት።

«ለራሱ ነው የያዘው» የሚለውን ሐሳብ ደጋግማችሁ አስቡት። ሁለት ውሾች አንድ ዓይነት ወፍ፣ በአንድ ዓይነት ጥርስ ያዙ። የአንዱ ሐላል፣ የሌላው እርም ሆነ። ልዩነቱ ለማን ያዘ የሚለው ነው።

ስለ ንጽሕናውና ስለ ቤቱ

የወንድማችን እናት የተናገሩት መሠረት አለው። ውሻና ሥዕል ባለበት ቤት መላእክት እንደማይገቡ ሶሒሕ ሐዲስ መጥቷል። ያለ ምክንያት ውሻ የሚያኖር ሰው ከምንዳው በየቀኑ እንደሚጎድልበትም ተዘግቧል። ነገር ግን በዚያው ሐዲስ ሦስት ውሾች ተለይተዋል፤ የከብት ጠባቂ፣ የአዝመራ ጠባቂና የአደን ውሻ። ስለዚህ ለአደን ማኖሩ የተፈቀደ ነው። ማደሪያውን ግን ከቤት ውጪ ያድርግለት።

በሻፊዒ መዝሀብ የውሻ ምራቅ ነጃሳ ነው፤ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር ይታጠባል። ባመጣት ወፍ ላይ ጥርሱ የነካው ቦታም በዚሁ መልክ መታጠብ አለበት የሚለው በመዝሀቡ ጠንካራው ነው። ማሊኪዮች ግን ውሻን ንጹሕ ነው ይላሉ። እናታችን የሻፊዒን ከያዙ ልጃቸው ወፏን አጥቦ ይግባ፤ ነገሩ በዚህ ያልቃል።

ውሻ ነጃሳ ነው ማለት ይረገጣል፣ በድንጋይ ይመታል ማለት አይደለም። በውሃ ጥም ሊሞት ለነበረ ውሻ በጫማው ውሃ ቀድቶ ያጠጣ ሰው አላህ እንደማረው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። አዳኝ ውሻውን በዓመት ሁለት ወር አሠርቶ የቀረውን ዐሥር ወር በረኀብ የሚያኖር ሰው በጥያቄ ላይ ነው።

የተራራው ጎረቤት

ወንድማችን ባይጠይቅም ልንነግረው የሚገባ ነገር አለ። እሱ በሚኖርበት ተራራ በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ቀይ ቀበሮ ይኖራል። በዓለም ከቀሩት ከ500 የማይበልጡ ጎልማሶች ከግማሽ በላይ በባሌ ናቸው። ቀይ ቀበሮ የውሻ ዘመድ ስለሆነ የውሻ በሽታ ይይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ1991–92፣ በ2003–04፣ በ2008–09 እና በ2014 የእብድ ውሻ በሽታ ከቤት ውሾች ተሻግሮ ቀበሮዎቹን ጨርሷቸዋል። በ2003–04 በወይብ ሸለቆ ከነበሩት አብዛኞቹ አለቁ። ለዚህ ነው ባለሙያዎች የአካባቢውን ውሾች ሲከትቡ የኖሩት፤ ከ2018 ጀምሮም ለቀበሮዎቹ ራሳቸው በምግብ የሚሰጥ ክትባት ተጀምሯል።

እንግዲህ አንድ ውሻ፣ አንድ ሰው ሳይከትበው ወደ ሸለቆው ይዞት ቢገባ፣ አላህ የፈጠረውንና ሌላ አገር የሌለውን ፍጡር ሊያጠፋ ይችላል። በሽታው ለሰውም ገዳይ ነው። በሸሪዓችን ጉዳት ማድረስም ጉዳትን በጉዳት መመለስም የለም። በተጨማሪም ቦታው ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በፓርኩ ውስጥ አደን ክልክል ነው፤ ከፓርኩ ውጪም ቢሆን ያለ መንግሥት ፈቃድ የዱር እንስሳ አይታደንም። ዓሣ ለማጥመድም ቢሆን አስቀድሞ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ያስፈልጋል። «ሸሪዓው ፈቅዶልኛል» ብሎ የጋራ ጥቅምን የሚጠብቅ ሕግ መጣስ ሸሪዓውን አለማወቅ ነው።

አደን እና ልብ

አቡ ዳውድና ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ አደንን ተከትሎ የሚሮጥ ሰው ዝንጉ እንደሚሆን ተጠቅሷል። የወደደው ሰው ያውቀዋል፤ «ይችን ብቻ» እያለ ዙህርን ከዐስር ያገናኘዋል።

አደን ሁሉ ዝንጉነት ነው ማለት ግን አይደለም። በ1095 ተወልደው በ1188 እ.ኤ.አ. የሞቱት የሶርያው ኡሳማ ኢብኑ ሙንቂዝ ስለ አባታቸው ጽፈዋል። አባታቸው በሸይዘር ምሽግ አካባቢ በጭልፊትና በውሻ ቆቅና ጥንቸል ማደን እጅግ ይወዱ ነበር። እኚሁ ሰው ቀኑን በጾም፣ በቁርኣንና በአደን፣ ሌሊቱን ቁርኣን በእጃቸው በመጻፍ ያሳልፉ ነበር፤ ከአርባ በላይ ሙስሐፍ ጽፈዋል። ጭልፊቱ ከቁርኣኑ አላለያያቸውም።

ቁርኣን ደግሞ የሁለት ወገኖችን ፈተና ይነግረናል። ሁለቱም በአደን ተፈተኑ። በአል-አዕራፍ ምዕራፍ የተጠቀሱት የባሕር ዳር ከተማ ሰዎች ቅዳሜ ዓሣ እንዳያጠምዱ ተከለከሉ። ዓሣው ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ገጽ ላይ እየወጣ ይመጣቸው፣ በሌላው ቀን ይጠፋባቸው ነበር። አልቻሉም፤ በዘዴ አጠመዱት፤ ወደቁም። በአል-ማኢዳ 94ኛ አንቀጽ ደግሞ ኢሕራም ላይ ያሉ ሶሓባዎች እጃቸውና ጦራቸው በሚደርስበት ቅርበት ባለ አደን እንደሚፈተኑ ተነገራቸው፤ ምክንያቱም በሩቅ ሆኖ አላህን የሚፈራው እንዲለይ ነው። እነሱ እጃቸውን ሰበሰቡ።

ሸይኻችን ያን ቀን «እንግዲያው ላንተው ትሁንልህ» ሲሉኝ ያደረጉት ይህን ነበር። እኔንና ቆቋን፣ ከአላህ በቀር ምስክር በሌለበት ተዉን።

ለወንድማችን

ውድ ወንድማችን፣ በአጭሩ ልመልስልህ።

ዓሣው ሐላል ነው። ለአባትህ ሐዲሱን በአክብሮት አንብብላቸው፤ አትከራከራቸው። ለእንግዳ መንገድ መምራት የተፈቀደ ሥራ ነው፤ ደመወዝህም ሐላል ነው። እንግዶችህ ዓሣውን የሚለቁ ከሆነ ቢያንስ ሥቃዩን አሳንስ፤ ጠርዝ የሌለው መንጠቆ እንዲጠቀሙ፣ ዓሣውን በደረቅ እጅ እንዳይነኩትና ከውሃ አውጥተው እንዳያቆዩት ምከራቸው፤ ደረቅ እጅ የሚጠብቀውን ልጋግ ይገፍፍበታልና። ለምግብ የሚሆን ከያዙ በኋላም «ይበቃል» ማለትን ልመድ።

ቡችላውን በተመለከተ ፈቃድና ክትባት እስክታገኝ አትቀበለው። ካገኘህም ማደሪያውን ከቤት አርቀህ ሥራለት፤ ወደ ቀበሮዎቹ ሸለቆም አታስገባው። የእናትህ ልብ ካልረጋ ግን ተወው። ውሻ ማኖር የተፈቀደ ነው፤ እናትን ማስደሰት ግን ግዴታ ነው። የተፈቀደ ነገር ለግዴታ ሲባል ይተዋል።

ውሻው በአፉ የያዘውን ለጌታው ብሎ ካልዋጠ፣ እኛ ለፈጠረን ጌታ ብለን በእጃችን የገባውን መተው አያቅተንም። አላህ ሪዝቃችንን ሐላል፣ ገበታችንን አንድ ያድርግልን። ሰው በማያየን ቦታም እሱን የምንፈራ ያድርገን። አሚን።